የውጭውና የውስጡ ራውቲንግ የማይግባቡበትን ቦታ የማግኛ መመሪያ

በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ አገልግሎት ሰጪ ኔትወርክ ውስጥ ሁለት ዓይነት የራውቲንግ ፕሮቶኮሎች ብዙ ጊዜ በአንድ ራውተር ላይ ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንደኛው የውስጥ ፕሮቶኮል ሲሆን፣ በአንድ አስተዳደር ሥር ያሉ ራውተሮች ስለ ሊንኮቻቸው መረጃ እየተለዋወጡ እርስ በርስ የሚደራረሱበትን አነስተኛ ወጪ ያለው መንገድ ያሰሉበታል፤ ከዚህ ወገን በስፋት የሚሠራባቸው ኦኤስፒኤፍ እና አይኤስ-አይኤስ ናቸው። ሁለተኛው የውጭ ፕሮቶኮል ነው፤ ባለቤታቸው የተለያየ ኔትወርኮችን የሚያገናኝ ሲሆን፣ ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ቢጂፒ ብቻ ነው። በአንድ አስተዳደርና በአንድ የራውቲንግ ፖሊሲ የሚመራ የኔትወርክ ስብስብ ኦቶኖመስ ሲስተም ይባላል፤ የራሱ መለያ ቁጥርም አለው። ቢጂፒ አንድ የአድራሻ ክልል፣ ማለትም ፕሪፊክስ፣ ሲታወጅ ማስታወቂያው ያለፈባቸውን ኦቶኖመስ ሲስተሞች ቁጥር ኤኤስ ፓዝ በሚባል ዝርዝር ውስጥ በቅደም ተከተል ይመዘግባል፤ ራውተሩም የራሱን ቁጥር በዝርዝሩ ውስጥ ካገኘ ማስታወቂያው ዞሮ እንደ መጣ አውቆ ይጥለዋል። ኦኤስፒኤፍ ግን ይህን ዝርዝር የሚያኖርበት ቦታ የለውም፤ ከዚህ በታች ከሚተነተኑት ብልሽቶች ከባዱ የሚመነጨው ከዚሁ ልዩነት ነው።

የሁለቱ የሥራ ድርሻ በግልጽ የተለየ ነው። ቢጂፒ አንድ ፓኬት ከኔትወርኩ በየትኛው በር መውጣት እንዳለበት ይወስናል፤ እስከዚያ በር ድረስ እንዴት እንደሚደረስ ግን አያውቅም፤ ይህን የሚመልሰው የውስጡ ፕሮቶኮል ነው። ወደ ሩቅ አገር የሚጓዝ መንገደኛ በየትኛው ኬላ እንደሚወጣ ቢቆርጥም፣ ከቤቱ እስከ ኬላው ያለው ድልድይ ከተሰበረ ውሳኔው እንደማይጠቅመው ሁሉ፣ የቢጂፒ ምርጫም በውስጡ ራውቲንግ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ፍተሻው ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድ አለበት። በተግባር ግን የሚደረገው በአብዛኛው ተቃራኒው ነው፤ ተጠቃሚው «ኢንተርኔት ጠፋ» ብሎ ስለሚያመለክት ባለሙያው በቀጥታ ወደ ቢጂፒ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለስድስት ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ሲጠፋ በውጭ ለሚታዘቡ ሁሉ የታየው የቢጂፒ ማስታወቂያዎች መነሳት ነበር፤ መነሻው ግን የኩባንያውን የውስጥ የጀርባ አጥንት ኔትወርክ ያቋረጠ የጥገና ትዕዛዝ ነው። የኩባንያው የስም አገልጋዮች፣ ማለትም የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹ፣ ወደ ዳታ ማዕከሎቹ መድረስ ሲያቅታቸው፣ በተሠሩበት ደንብ መሠረት የራሳቸውን የቢጂፒ ማስታወቂያ አነሡ።

ለማብራሪያ የሚያገለግል አንድ ምሳሌ ኔትወርክ እንውሰድ። የድርጅቱ ኦቶኖመስ ሲስተም ቁጥር 64500 ነው። በዳር ያሉት ራውተር ሀ እና ራውተር ለ ሲሆኑ፣ ሀ ከአገልግሎት ሰጪ 64501 ጋር፣ ለ ደግሞ ከአገልግሎት ሰጪ 64502 ጋር ተገናኝተዋል፤ በመካከል ራውተር ሐ አለ። በሦስቱ መካከል ኦኤስፒኤፍ ይሠራል፤ ሉፕባክ አድራሻዎቻቸው፣ ማለትም ከየትኛውም ሊንክ መውደቅ ጋር የማይወድቁት የራውተሩ የራሱ አድራሻዎች፣ በቅደም ተከተል 10.255.0.1፣ 10.255.0.2 እና 10.255.0.3 ናቸው። በሀ እና በ64501 መካከል ያለው ሊንክ 192.0.2.0/30 ሲሆን የአገልግሎት ሰጪው ጫፍ 192.0.2.1 ነው፤ ከውጭ የሚመጣው መዳረሻ 203.0.113.0/24 ነው። ከሉፕባኮቹ በስተቀር እነዚህ አድራሻዎችና ቁጥሮች ለሰነድ ምሳሌ የተከለሉ ስለሆኑ በእውነተኛ ኔትወርክ ላይ መግባት የለባቸውም። ትዕዛዞቹ የሲስኮ ራውተር ትዕዛዞች ናቸው፤ የሌሎች አምራቾች አጠራር ቢለይም የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ ጎረቤትነቱ መቆሙን ማረጋገጥ

በቅድሚያ በየራውተሩ ላይ «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔበር» ይሰጥና የጎረቤቶቹ ሁኔታ ይነበባል። ከነጥብ ወደ ነጥብ በሚሄድ ሊንክ ላይ ሁኔታው «ፉል» መሆን አለበት። «ኤክስስታርት» ላይ ተሰክቶ የሚቀር ጎረቤት ካለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤምቲዩ ነው፤ ይህም አንድ ሊንክ ሳይቆራርጥ የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን ሲሆን፣ በሁለቱ ጫፎች ላይ እኩል ካልሆነ ጎረቤቶቹ ሰላምታ ቢለዋወጡም የመረጃ ቋታቸውን መለዋወጥ አይችሉም። ቀጥሎ ከአንዱ ሉፕባክ ወደ ሌላው፣ መነሻ አድራሻው ሉፕባክ መሆኑን በግልጽ በመጥቀስ፣ ፒንግ ይደረጋል፤ መነሻው ካልተጠቀሰ ራውተሩ የሊንኩን አድራሻ ስለሚጠቀም ፈተናው የተፈለገውን ነገር አይፈትንም።

ይህ ካለፈ ወደ «ሾው አይፒ ቢጂፒ ሰመሪ» ይታለፋል። በመጨረሻው ዓምድ ላይ ቁጥር ከታየ ግንኙነቱ ቆሟል ማለት ነው፤ ቁጥሩም ከዚያ ጎረቤት የመጡት ፕሪፊክሶች ብዛት ነው። «አክቲቭ» የሚል ቃል ከታየ ግን፣ ቃሉ ሥራ ላይ ያለ ቢያስመስልም፣ ግንኙነቱ አልተመሠረተም። ቢጂፒ በቲሲፒ 179ኛ ፖርት ላይ የሚሠራ በመሆኑ፣ በመካከል ያለ ፋየርዎል፣ የተሳሳተ የጎረቤት አድራሻ፣ ወይም የመመለሻ መስመር መጥፋት ለዚህ ያበቃል። በአንድ ኦቶኖመስ ሲስተም ውስጥ ባሉ ራውተሮች መካከል የሚደረገው ግንኙነት አይ-ቢጂፒ፣ በተለያዩት መካከል የሚደረገው ኢ-ቢጂፒ ይባላል። አይ-ቢጂፒ በሉፕባክ ሲመሠረት «አፕዴት ሶርስ» የሚለው ትዕዛዝ በሁለቱም ጫፎች መኖሩ ይታያል። ኢ-ቢጂፒ ደግሞ በተለመደው አሠራር አንድ እርምጃ ብቻ የሚጓዝ ፓኬት ስለሚልክ፣ በሉፕባክ ከተመሠረተ «ኢቢጂፒ መልቲሆፕ» ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ኔክስት ሆፑን መጠየቅ

ጎረቤትነቱ ቆሞ፣ ፕሪፊክሶቹም መጥተው ትራፊክ ካልሄደ፣ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ኔክስት ሆፕ ነው። ኔክስት ሆፕ ማለት የቢጂፒ ማስታወቂያ «ወደዚህ መዳረሻ ለመሄድ ለዚህ አድራሻ አስረክቡ» ብሎ የሚጠቁመው አድራሻ ነው። ሀ ከ64501 የተቀበለውን 203.0.113.0/24 በአይ-ቢጂፒ ወደ ሐ ሲያስተላልፍ ኔክስት ሆፑን አይለውጠውም፤ ስለዚህ ሐ የሚያየው 192.0.2.1 ነው። ይህ አድራሻ ግን ያለው በሀ እና በአገልግሎት ሰጪው መካከል ባለው ሊንክ ላይ ነው፤ ሊንኩ በኦኤስፒኤፍ ውስጥ ካልታወጀ ሐ ሊደርስበት የሚችልበት መንገድ የለውም። በሐ ላይ «ሾው አይፒ ቢጂፒ 203.0.113.0» ሲባል ከአድራሻው አጠገብ «ኢንአክሰሲብል» የሚል ቃል ይታያል፤ በአጠቃላዩ ዝርዝርም መስመሩ መመረጡን የሚያሳየው ቀስት አይገኝበትም።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሀ ላይ ለአይ-ቢጂፒ ጎረቤቶቹ «ኔክስት ሆፕ ሰልፍ» ማዘዝ ሲሆን፣ ሀ የሚያስተላልፈው ማስታወቂያ ሁሉ የራሱን ሉፕባክ እንዲጠቁም ያደርጋል። ሁለተኛው የውጩን ሊንክ በኦኤስፒኤፍ ውስጥ ማወጅ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሊንኩ «ፓሲቭ»፣ ማለትም ኦኤስፒኤፍ ሰላምታ የማይልክበት፣ መሆን አለበት፤ አለዚያ የድርጅቱ የውስጥ ፕሮቶኮል በአገልግሎት ሰጪው በር ላይ ጎረቤት ሲፈልግ ይገኛል። ለአብዛኛው ኔትወርክ የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው፤ የውጩ ሊንክ በተነሣና በወደቀ ቁጥር የውስጡ ኔትወርክ አይናወጥምና። ይሁን እንጂ ሁለተኛውም ጥቅም አለው፦ የውጩ ሊንክ ሲወድቅ አድራሻው ከኦኤስፒኤፍ በአፍታ ስለሚጠፋ፣ ሌሎቹ ራውተሮች እያንዳንዱ ፕሪፊክስ በቢጂፒ እስኪነሣ ሳይጠብቁ ወደ ሌላው መውጫ ይዞራሉ።

ኔክስት ሆፕ አለ ማለት ግን ሁልጊዜ ይሠራል ማለት አይደለም። የሉፕባኮቹ አድራሻ ኦኤስፒኤፍ ኔትወርኩን በሚከፋፍልባቸው አካባቢዎች (ኤሪያዎች) ወሰን ላይ ተጠቃልሎ፣ ለምሳሌ 10.255.0.0/24 ተብሎ ሲታወጅ፣ ራውተር ሀ ጠፍቶም እንኳ ጥቅሉ ስለሚቀር በሌላ አካባቢ ያሉት ራውተሮች 10.255.0.1 ያለ ይመስላቸዋል፤ ትራፊኩንም ወደ ሞተ ራውተር መላክ ይቀጥላሉ። በነባሪው መስመር፣ ማለትም በ0.0.0.0/0፣ ኔክስት ሆፕ ሲፈታም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሉፕባክ አድራሻዎች በየአንዳንዳቸው በ/32 መታወጃቸውንና ኔክስት ሆፑን የሚፈታውም ይኸው /32 መሆኑን በ«ሾው አይፒ ራውት 10.255.0.1» ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ በራውቲንግ ሰንጠረዡ ውስጥ ማን እንዳሸነፈ ማየት

አንድ ዓይነት ፕሪፊክስ ከሁለት ፕሮቶኮሎች ሲመጣ ራውተሩ የሚለያቸው አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ በሚባል የታማኝነት ቁጥር ነው፤ ያነሰው ያሸንፋል። በሲስኮ ራውተር ኢ-ቢጂፒ 20፣ ኦኤስፒኤፍ 110፣ አይ-ቢጂፒ 200 ነው። በጁኒፐር ግን የውስጥ ኦኤስፒኤፍ 10፣ ከውጭ የገባ ኦኤስፒኤፍ 150፣ ቢጂፒ ደግሞ ኢም ሆነ አይ 170 ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን አምራቾች ቀላቅሎ በሚሠራ ኔትወርክ ላይ አንዱ ራውተር ቢጂፒን፣ ጎረቤቱ ኦኤስፒኤፍን ሊመርጥ ይችላል፤ ይህም ለሉፕ፣ ማለትም ፓኬቶች በሁለት ራውተሮች መካከል ለሚመላለሱበት ሁኔታ፣ በር ይከፍታል። ይህ ውድድር የሚደረገው ፕሪፊክሶቹ ርዝመታቸው ጭምር እኩል ሲሆን ብቻ ነው፤ /25 ካለ /24ን ከየትም ቢመጣ ይቀድመዋል።

የኢ-ቢጂፒ ቁጥር 20 መሆን አንድ የተለየ ሕመም ያስከትላል። ሁለት ራውተሮች ኢ-ቢጂፒን በሉፕባክ መሥርተው፣ አንዱ የራሱን ሉፕባክ በዚያው በቢጂፒ ለሌላው ቢያውጅ፣ ተቀባዩ ወደ ጎረቤቱ የሚወስደውን የኦኤስፒኤፍ መስመር ትቶ የቢጂፒውን ይመርጣል፤ የቢጂፒው መስመር ደግሞ ኔክስት ሆፑ ያው ሉፕባክ ስለሆነ ራሱን በራሱ መፍታት አይችልም። መስመሩ ይነሣል፣ የኦኤስፒኤፍ መስመር ይመለሳል፣ ቢጂፒ እንደገና ያሸንፋል፣ እንደገናም ይወድቃል። በየተወሰነ ጊዜ እየተነሣ የሚወድቅ ጎረቤት ሲታይ፣ ሊንኩም ጤነኛ ሲሆን፣ መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው፤ መድኃኒቱም የጎረቤቱን ሉፕባክ ከቢጂፒ ማስታወቂያ ውስጥ ማጣራት ነው።

አራተኛ እርምጃ፦ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚፈሰውን መቆጣጠር

የአንዱን ፕሮቶኮል መስመሮች ለሌላው ማሻገር ሪዲስትሪቢዩሽን ይባላል። ከቢጂፒ ወደ ኦኤስፒኤፍ ማሻገር በመርህ ደረጃ መወገድ ያለበት ነው። የኢንተርኔቱ ሙሉ ሰንጠረዥ በአይፒ ቪ4 ብቻ ከ900,000 በላይ ፕሪፊክሶች ሲኖሩት፣ ኦኤስፒኤፍ ደግሞ እያንዳንዱን ማስታወቂያ በሁሉም ራውተር ቋት ውስጥ እንዲገኝ አድርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ አንድ ያልተጣራ ትዕዛዝ መላውን የውስጥ ኔትወርክ ሊጥል ይችላል። የዳር ራውተሮቹ ወደ ውስጥ ነባሪውን መስመር ብቻ ቢያውጁ ይበቃል። ማሻገር ግድ ሲሆንም ሩት ማፕ በሚባለው ማጣሪያ የተፈቀዱት ፕሪፊክሶች በስም መዘርዘር አለባቸው። እዚህ ላይ ባለሙያዎችን የሚያሳስቱ ሁለት ነባሪ ባሕርያት አሉ፦ በሲስኮ ራውተር በአይ-ቢጂፒ የመጡ መስመሮች ልዩ ትዕዛዝ ካልተሰጠ ወደ ኦኤስፒኤፍ አይሻገሩም፤ ከኦኤስፒኤፍ ወደ ቢጂፒ ሲሻገርም የሚያልፉት የኦኤስፒኤፍ የራሱ የውስጥ መስመሮች ብቻ ናቸው፤ ከውጭ የገቡት እንዲያልፉ «ማች ኤክስተርናል» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ያ ቃል በቸልታ ሲጨመር ከሁሉም የከፋው ብልሽት ይፈጠራል። ሀ 203.0.113.0/24ን ከቢጂፒ ወደ ኦኤስፒኤፍ አሻግሯል እንበል፤ ለ ደግሞ ከኦኤስፒኤፍ ወደ ቢጂፒ ያሻግራል። ለ ይህንኑ ፕሪፊክስ ከ64502 በኢ-ቢጂፒ ስለሚያገኘው በ20 ያሸንፍና ሁሉም ደኅና ሆኖ ይቆያል። የለ የውጭ ሊንክ ሲወድቅ የኦኤስፒኤፉ መስመር በሰንጠረዡ ውስጥ ይገባል፤ ለም ወደ ቢጂፒ ያሻግረዋል። በሲስኮ ራውተር፣ ራውተሩ ራሱ ወደ ቢጂፒ ያስገባው መስመር 32768 ዌይት ይሰጠዋል፤ ዌይት ከመምረጫ መስፈርቶች ሁሉ ቀድሞ የሚታይ ሲሆን ከጎረቤት የመጣ መስመር በነባሪነት ያለው ዜሮ ነው። ስለዚህ የውጩ ሊንክ ተጠግኖ ሲመለስ የ64502 ማስታወቂያ በ32768 ተሸንፎ ይቀራል፤ በቢጂፒ ውስጥ ስላልተመረጠም ለሰንጠረዡ አይቀርብም፤ የ20 እና የ110 ውድድርም ከነጭራሹ አይካሄድም። ሊንኩ ጤነኛ፣ ጎረቤቱ የቆመ፣ ትራፊኩ ግን በተሳሳተ በር የሚወጣ ይሆናል። ሕመሙ የሚታየው ሊንኩ ከወደቀና ከተመለሰ በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ ቅንብሩ የተገባበት ቀን ላይ የተደረገ ፈተና አያገኘውም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ወደ ውጭ የሚሄደው ማስታወቂያ ነው። መስመሩ በኦኤስፒኤፍ ውስጥ ሲያልፍ ኤኤስ ፓዙን ስለሚያጣ፣ ለ 203.0.113.0/24ን የ64500 የራሱ ንብረት አስመስሎ ለ64502 ያውጃል፤ አገልግሎት ሰጪውም የደንበኛውን ማስታወቂያ ካላጣራ የሌላ ሰው ትራፊክ ወደ ድርጅቱ ይጎርፋል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1997 ኦቶኖመስ ሲስተም 7007 በኢንተርኔቱ ላይ ያደረሰው የሰዓታት መታወክ ይህንኑ መልክ የያዘ ነበር፦ ከሌላ የተቀበላቸው መስመሮች ወደ /24 ተሰባብረው፣ ኤኤስ ፓዛቸውም ተገፎ፣ የራሱ መስለው ወጡ።

ፈውሱ ሦስት ንብርብር አለው። በሀ ላይ ከቢጂፒ ወደ ኦኤስፒኤፍ የሚሻገር ሁሉ ታግ፣ ማለትም የመነሻ ምልክት ቁጥር፣ ይደረግበታል፤ በለ ላይ ደግሞ ያን ታግ የያዘ መስመር ወደ ቢጂፒ እንዳይመለስ በሩት ማፕ ይከለከላል። በሁለቱም ዳር ራውተሮች ወደ ውጭ በሚሄደው ማስታወቂያ ላይ የድርጅቱ የራሱ ፕሪፊክሶች ብቻ የተዘረዘሩበት ማጣሪያ ይደረጋል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ማሻገሩን ጨርሶ ትቶ የራስን ፕሪፊክስ በ«ኔትወርክ» ትዕዛዝ ማወጅና መስመሩ ሁልጊዜ እንዲኖር ፓኬት ወደሚጣልበት «ኑል ዜሮ» የሚሄድ ቋሚ መስመር ማስቀመጥ ነው። በሥራ ላይ ያለውን ቅንብር ወዲያው መለወጥ ካልተቻለ፣ ከ64502 ለሚመጡት መስመሮች ከ32768 የሚበልጥ ዌይት መስጠት ለጊዜው ያስታግሣል።

አምስተኛ እርምጃ፦ በመካከል ያለውንና የጊዜውን ልዩነት መመርመር

ሐ ቢጂፒ የማይሠራ ቢሆንና ከሀ ወደ ለ የሚሄደው ትራፊክ በሐ በኩል ቢያልፍ፣ ሀ መውጫው ለ መሆኑን ቢያውቅም ሐ ስለ 203.0.113.0/24 ምንም አያውቅም፤ ፓኬቱን ይጥለዋል፣ ወይም በነባሪው መስመር ወደ ሀ ይመልሰዋል። በትሬስራውት ላይ ሁለት አድራሻዎች እየተፈራረቁ ከታዩ ምልክቱ ይኸው ነው። በመተላለፊያው ላይ ያለ ራውተር ሁሉ አይ-ቢጂፒ መሥራት ወይም ትራፊኩ በመካከል ያሉት ራውተሮች መዳረሻውን ሳያዩ በሚያሳልፉበት በኤምፒኤልኤስ መሿለኪያ ማለፍ አለበት። አይ-ቢጂፒ ከአንድ የውስጥ ጎረቤት የሰማውን ለሌላ የውስጥ ጎረቤት ስለማይነግር፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር መገናኘት ይኖርበታል፤ ለ10 ራውተሮች 45፣ ለ40 ደግሞ 780 ግንኙነት ማለት ነው፤ ከጥቂት ራውተሮች በላይ ሲኮን አንድ ራውተር ከውስጥ ጎረቤት የሰማውን ለሌሎቹ እንዲያስተላልፍ የሚፈቅደው፣ ሩት ሪፍሌክተር የሚባለው አሠራር ይመረጣል።

የጊዜው ጉዳይ ይበልጥ ስውር ነው። ዳር ላይ ያለ ራውተር ጠፍቶ ሲነሣ ኦኤስፒኤፍ በሰከንዶች ውስጥ ጎረቤቶቹን አግኝቶ ሉፕባኩን ያውጃል፤ ሙሉውን የቢጂፒ ሰንጠረዥ ለመቀበል ግን ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በዚህ መሃል ሌሎቹ ራውተሮች በእርሱ በኩል ማሳለፍ ይጀምራሉ፤ እርሱ ግን መዳረሻውን ገና አያውቅም። «ማክስ ሜትሪክ ራውተር ኤልኤስኤ ኦን ስታርታፕ ዌይት ፎር ቢጂፒ» የሚለው ትዕዛዝ ቢጂፒ እስኪሞላ፣ ካልሞላም በነባሪነት እስከ 600 ሰከንድ ድረስ፣ ራውተሩ የሊንኮቹን ወጪ 65535 አድርጎ እንዲያውጅ ያስገድደዋል፤ ሌሎች መተላለፊያ አያደርጉትም፣ ሉፕባኩ ግን ስለሚደረስበት የቢጂፒ ግንኙነቱ ይመሠረታል። በአይኤስ-አይኤስ ይህንኑ የሚሠራው ኦቨርሎድ ቢት ነው። ሊንክ ሲወድቅም የሁለቱ ሰዓት አይገጥምም፦ በሲስኮ ነባሪ ቅንብር ኦኤስፒኤፍ ዝም ያለን ጎረቤት በ40 ሰከንድ፣ ቢጂፒ ግን በ180 ሰከንድ ሞተ ይላል። በመካከል ስዊች ስላለ የሊንኩ መውደቅ በቀጥታ የማይታይ ከሆነ ይህ ልዩነት ትራፊክን ለደቂቃዎች ይውጣል፤ የጎረቤትን መጥፋት በፍጥነት የሚለየውንና ለሁለቱም ፕሮቶኮሎች በጋራ የሚያገለግለውን ቢኤፍዲን መትከል ልዩነቱን ያጠፋዋል።

ትራፊኩ እየሄደ መውጫው ብቻ ያለ ምክንያት የተለወጠ ከመሰለ ወደ ኦኤስፒኤፍ ወጪዎች መመለስ ይገባል፤ ሁለት የአይ-ቢጂፒ መስመሮች በቀደሙት መስፈርቶች እኩል ሲሆኑ ቢጂፒ የሚመርጠው ኔክስት ሆፑ በውስጡ ፕሮቶኮል የቀረበውን ነው፤ በአንድ የውስጥ ሊንክ ላይ የተደረገ የወጪ ለውጥም የኢንተርኔቱን መውጫ ሊያዛውር ይችላል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ሊንኩን ማውረድና መመለስ

ማስተካከያው ከተገባ በኋላ፣ ለጥገና በተፈቀደ ሰዓት፣ የውጩ ሊንክ ሆን ተብሎ ይወርዳል፤ ከዚያ በፊት ግን በሦስቱም ራውተሮች ላይ የ203.0.113.0/24 የቢጂፒ ዝርዝር፣ የራውቲንግ ሰንጠረዡና ለጎረቤት የሚታወጁት ፕሪፊክሶች ዝርዝር በፋይል ይቀመጣሉ። እነዚሁ ዝርዝሮች ሊንኩ ሲወርድ አንድ ጊዜ፣ ተመልሶ ቢጂፒ ሲረጋም ሌላ ጊዜ ይወሰዳሉ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዝርዝር በኔክስት ሆፕ፣ በዌይት ወይም በኤኤስ ፓዝ ከተለያዩ ፍተሻው ወደ አራተኛው እርምጃ ይመለሳል፤ ካልተለያዩ የሁለተኛው ዳር ራውተር ሊንክ በተራው ይወርዳል።